ክብሪት ሲጫር

ሰኞ፤ ለማጣሪያው 62 ቀን

ፕሮፌሰር የሚያየው ሌላ ደብተር አለ። እዚያ ላይ የምጽፈው ስንት ኪሎ እንዳነሳሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁና ምን እንደበላሁ ብቻ ነው። ይሄኛው የራሴ ነው። የማስቀምጠው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሹራቦቼ መሃል ነው፤ እማዬ ዓይኗ ደከመ እንጂ እጇ የማይደርስበት ቦታ የለም።

ፕሮፌሰር የክብደት ማንሳት አሰልጣኜ ነው። ስሙን ያወጡለት የጂሙ ልጆች ናቸው። ትምህርቱን የት ላይ እንዳቋረጠ ማንም አያውቅም፤ ስለ ጡንቻና ስለ ጭንቅላት ግን ያላነበበው ነገር የለም። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን እኩያዬ ነው።

ዛሬ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋው። ቢሮ የሚለው መወልወያና ባልዲ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው።

"ዘጠና ሁለት ኪሎ ላይ ከቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ስምንት ወር።"

"ለብሔራዊ ቡድን የሚፈለገው መቶ አምስት ነው። አሥራ ሦስት ኪሎ በምኞት አይመጣም።"

ከዚያ ነገረኝ። በሳምንት አንድ መርፌ፤ ከልምምድ በፊት አንድ ክኒን። "እነዚህን ሁለቱን ማንም ሞኝ ይሰጥሻል" አለ። "የኔ ሥራ ሦስተኛው ነው። ክኒኑ ደምሽ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁሌ አንድ ዓይነት ምልክት እሰጥሻለሁ፤ አንቺም ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ታስቢያለሽ። ማጣሪያው ሲቃረብ መድኃኒቱን እናቆማለን፤ ሽንትሽ ንጹሕ ይሆናል። ሰውነትሽ ግን የለመደውን አይረሳም። ምልክቱ ሲደርሰው ክኒኑን የዋጠ ይመስለዋል።"

"ላስብበት" አልኩ። ውሸቴን ነው፤ እጅጌዬን መጠቅለል ጀምሬ ነበር። መርፌው የሚወጋው ታፋ ላይ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ካለፈኝ ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም።

ሐሙስ፤ 59 ቀን

"በዓለም ላይ አብልጠሽ የምትወጂው ማንን ነው?" አለኝ ፕሮፌሰር።

"እማዬን።"

"እንግዲያው እማዬ ቤት ውስጥ ናት። ቤቱ እየነደደ ነው። የጣራው ወራጅ ደረቷ ላይ ወድቋል። ይሄ ብረት ያ እንጨት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።"

ዓይኔን አስጨፈነኝ። ክብሪት ጫረ፤ እፍ ብሎ አጠፋውና ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ያዘው። ጆሮዬ ላይ ቀስ ብሎ "እናትሽ ውስጥ ናት" አለ። ክኒኑን ከዋጥኩ ግማሽ ሰዓት አልፎኝ ስለነበር ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

ዘጠና ሁለቱን እንደ ትራስ አነሳሁት።

ቤት ስገባ እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። "ራትሽ ተከድኗል" አለችኝ ቀና ሳትል። አንገቷ ላይ ሳምኳት። ለዚህ ነገር ሳውላት አላስፈቀድኳትም። ቢሆንም ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሐሳብ ማንንም አይጎዳም።

ሰኞ፤ 55 ቀን

የምሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። የታጠበውን አንሶላ በትልቁ መተኮሻ ማሽን አሳልፋለሁ፤ በወዲያኛው ጫፍ ሬዲዮ ተቀብላ ታጥፋለች። ሬዲዮ የምንላት ጠዋት ተከፍታ ማታ ስለምትዘጋ ነው።

ዛሬ ከላይ ከአንድ ክፍል ስልክ ተደወለ፤ ፎጣ ጎደለን ነው። "እሺ፣ አሁን ይመጣል" አልኩ። ሰውዬው "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ብሎ ዘጋ። ሬዲዮ በሳቅ ሞተች። "ጉንፋን ነው" አልኳት። እስከ ማታ እየሳቀች "ወንድሜ፣ ትራስ ልብስ አቀብለኝ" ስትለኝ ዋለች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሹክሹክታ ስሜን ጠራሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ፤ 50 ቀን

ዘጠና ስድስት!

ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ልብስ እየቀየርኩ ሳለ የጂሙ ዘበኛ በር ላይ ለፕሮፌሰር እንዲህ ይለዋል፦ "ይቺንም እንደዚያችኛዋ እንዳታደርጋት።" ፕሮፌሰር "አንተ በርህን ጠብቅ" አለው።

"ያችኛዋ" ማለት ከኔ በፊት ያሠለጠናት ልጅ መሆን አለባት። ትከሻዋ ተጎድቶ ነው የተወችው ሲባል ሰምቻለሁ። ትከሻ ነው የሚሆነው። ስወጣ ዘበኛውን "ምን ሆና ነው?" ብለው "እኔ ምን አውቃለሁ እቴ፤ የምከፈለው በር ለመክፈት ነው" አለኝ።

ረቡዕ፤ 46 ቀን

ቸኩያለሁ። ጀርባዬ በሙሉ ብጉር። የወር አበባዬ ቀረ። ተቀምጬም ልቤ ይሮጣል። ዘጠና ሰባት። ለማንም አይነገርም።

ሰኞ፤ 41 ቀን

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሉን የምሠራው እኔ ነበርኩ። እሳቱን እዚህ ጋ፣ ወራጁን እዚያ ጋ እያልኩ አስቀምጥ ነበር። አሁን እኔ ያላስቀመጥኩት ነገር ይመጣል። ዛሬ የእማዬ አንድ እግር ጫማ ወልቆ ነበር። ተረከዟ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ታየኝ። ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሉ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትታየኝ፤ አሁን ታየኛለች። ድምፅ አታወጣም፤ ዝም ብላ ታየኛለች።

ይሄን ለፕሮፌሰር ስነግረው ፊቱ በራ። "ዝርዝሩ ራሱ መምጣት ጀመረ ማለት እኮ ሥር ሰደደ ማለት ነው!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ደግሞ ፈርቼ ነበር የነገርኩት። ሲደሰት አይቼ ፍርሃቴን ዋጥ አደረግኩትና አብሬው ተደሰትኩ። እንዲህ ነኝ።

ቅድም ተነስቼ እማዬ መተንፈሷን አዳመጥኩ። የጋዙን ቧንቧ ዘጋሁ። ተመልሼ ተኛሁ፤ እንደገና ተነስቼ መዝጋቴን አየሁ። አራት ጊዜ። ክኒኑ ነው፤ ሰውን ያነቃዋል። ማጣሪያው ካለፈ በኋላ ሁሉንም እተዋለሁ።

ሐሙስ፤ 38 ቀን

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ቁርጥ የአባትሽን ሆነ እኮ" አለችኝ እማዬ ቁርስ ላይ። "ነፍሱን ይማረው፣ ናፍቆኝ ነበር። ብቻ ፂሙንም እንዳታመጪብኝ።"

ሳቅን። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ "አሞሻል?" አለችኝ። "ኧረ ምንም" አልኩ። "ካልሽ" አለች። እማዬ "ካልሽ" ያለች ቀን አላመነችም ማለት ነው።

ማክሰኞ፤ 33 ቀን

ዛሬ የሆነውን በትክክል ልጻፍ፤ ሬዲዮ አጋንና ሳታወራው በፊት።

የጭነት መኪናው ሾፌር ምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለሲጋራው ክብሪት ጫረ። እኔ ማሽኑ ጋ ነበርኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው። ሽታው መጣ። ከዚያ የማስታውሰው እርጥብ አንሶላ የሞላው ጋሪ ከነጎማው እጄ ላይ መሆኑን ነው። ለሁለት የምንገፋው ጋሪ ነው። ሬዲዮ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ነበር።

"ቀልዴን ነው" አልኳት፣ አስቀምጬ።

"ምኑ ነው ቀልዱ? ዓይንሽ ፈጦ እኔን እያየሽ እኮ አላየሽኝም።" ሁለት አንሶላ ካጠፈች በኋላ ደግሞ "በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" አለች፣ ለአንሶላው እንደምታወራ ሆና።

ክኒን አልወሰድኩም ነበር። ማለቴ፣ ዛሬ አልወሰድኩም። ማክሰኞ ልምምድ የለኝም።

ለፕሮፌሰር ስልክ ደውዬ ነገርኩት። በደስታ ጮኸ። "ያለ ክኒን! በአራት ሳምንት! አንቺ ልጅ ተአምር ነሽ!" አለኝ። ተአምር ነኝ እንግዲህ።

ማታ ከቤት ያሉትን ክብሪቶች በሙሉ ሰብስቤ ጣልኳቸው። በምትካቸው ላይተር ገዛሁ።

እሑድ፤ 28 ቀን

ትናንት መቶ ሁለት። መቶን አለፍኩ! ሕፃን ልጅ ሆኜ እያለሁ ይሄን ቁጥር ሳስበው ለኔ የተሠራ አይመስለኝም ነበር።

እማዬ ጠዋት "ክብሪቶቼን ማን በላቸው?" አለች። "ላይተር ይሻላል ብዬ ነው" አልኩ። "ይሄ የወጣት መጫወቻ ነው፤ አውራ ጣቴ እኮ አይጫነውም" አለችና አሳየችኝ። ዕድሜ ልኳን መቀስ የያዘ ጣት ነው፤ መገጣጠሚያው አብጧል። "እኔ አቀጣጥልልሻለሁ" አልኳት። "አንቺ በሌለሽበትስ?" አለች። ወሬ ቀየርኩ። ለምን እንደጣልኳቸው ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ሐሙስ፤ 24 ቀን

ደከመኝ። መርፌ የተወጋሁበት አበጠ። እማዬ ሳነክስ አይታኛለች። "ወለል አንሸራቶኝ ነው" አልኳት። ውሸት ስዋሽ ድምፄ ይበልጥ ይወፍራል።

ሰኞ፤ 20 ቀን

ክኒንም መርፌም ዛሬ ቆመ። "አሁን ሰውነትሽ ነው የሚናገረው" አለ ፕሮፌሰር። ሰውነቴ የተናገረው ተኚ ነው። ከሥራ መጥቼ ሳልበላ ተኛሁ። ደስ ብሎኛል፤ መጥፎው ነገር ሁሉ ከክኒኑ ጋር ይወጣል።

ቅዳሜ፤ 15 ቀን

ያለ ምንም ነገር፣ በክብሪትና በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ መቶ ሦስት!

ፕሮፌሰር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሃያ ዓመት ሲያነብ የኖረው ነገር ፊቱ ላይ ሲሆን አየ፤ ማን አይደሰትም? ብረቱን ከጣልኩ በኋላ ግን እሳቱ አልጠፋም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃው እላዬ ላይ እየወረደ፣ አሁንም ታየኛለች።

ስወጣ "ማጥፊያው የቱ ነው?" አልኩት።

"የምኑ?"

"የሥዕሉ። ስጨርስ እንዴት ነው የማጠፋው?"

"መጀመሪያ በደንብ ይብራ እንጂ፤ ማጥፋት ምን ችግር አለው?" አለና የሚቀጥለውን ሳምንት መርሐ ግብር አወጣ።

እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ የሚደፍር ሰው መልሱን ለመስማት የተዘጋጀ ነው።

ረቡዕ፤ 11 ቀን

እማዬ ወደቀች። መብራት ጠፍቶ ነበር። ደረጃው ላይ። ግራ ክንዷ ተሰብሯል፤ ሁለት ጎድኗ ተሰንጥቋል። ሐኪም ቤት ነን። በቃ፣ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሐሙስ፤ 10 ቀን

ሐኪሙ "እንዴት ነው የወደቁት እማማ?" አላት። "ጨለማ ነበር፣ ደረጃ ስቼ" አለች። እኔን አላየችኝም፤ ጣራ ጣራውን ነው ያየችው።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ነርሷ ለጓደኛዋ "ከደረጃ የወደቀ ሰው ብብቱ ሥር የጣት ምልክት ምን ይሠራል?" ስትል ሰማሁ። ጓደኛዋ እኔን ስታይ ክርኗን ነካ አደረገቻት።

ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ምልክቱ ከዚያ ነው። ሲወድቁ የሚያነሳ ሰው ይይዛል። ይሄ እውነት ነው። አነሳኋት።

ቅዳሜ፤ 8 ቀን

ለፕሮፌሰር "እናቴ ወደቀች፣ ተሰበረች" አልኩት። "ውይ!" አለ። ከልቡ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመረ፤ እኔም ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

"እንዳትቀየሚኝ እንጂ" አለ፣ "አሁን እኮ ሥዕሉ ሐሳብ ብቻ መሆኑ ቀረ። እውነተኛ ሕመም አለው። ተጠቀሚበት።"

ጥፊ ይገባው ነበር። ክብሪቱን ጫረ። መቶ አራት አነሳሁ። ጥፊው ለኔም ይገባኛል።

ረቡዕ፤ 4 ቀን

እማዬ ቤት ገባች። ክንዷ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ያልጨረሰቻቸው አሥራ አራት ዩኒፎርሞች አሉ፤ እሷ በአንድ እጅ መርፌውን ትመራለች፣ እኔ ጨርቁን እገፋለሁ። ስፌቱ እንደ ሰካራም ይሄዳል። "ይሄን የሚለብስ ተማሪ ፈተና አያልፍም" አለች። እንደ ድሮው ነበርን።

ከዚያ አንገቷ ላይ ያለውን መታሰሪያ ላስተካክል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ትከሻዋ ወደ ኋላ ሸሸ። ትንሽ ነው፣ አንድ ጣት ያህል።

"ብርዱ ነው" አለች። ብርድ አልነበረም።

ቅዳሜ፤ 1 ቀን

ነገ ከመድረሱ በፊት እውነቱን ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት ሌላ የትም አልጽፈውም።

ረቡዕ ለት ከደረጃ የወደቀ ሰው የለም።

መሸት ሲል መብራት ጠፋ። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር። እማዬ ላይተሩን ሞከረች፤ ጣቷ እምቢ አላት። እኔን ከምትጠራ ጎረቤት ሄዳ ክብሪት ተበደረች። ሥራ አስፈታታለሁ ብላ ይሆናል፤ እሷ እንዲህ ናት። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ጫረች። የመጀመሪያው አልያዘም፤ ሁለተኛው ያዘ። ሻማውን ለኮሰችና ክብሪቱን እፍ አለችው። ጭሱ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን "አላስታውስም" ማለት አምሮኛል። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ወራጁ ደረቷ ላይ ነበር፤ እንደ እጄ መዳፍ ጥርት ብሎ ነው የታየኝ። ብብቷ ሥር ገብቼ ሳብኳት። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ጨብጣ ነበር፤ እኔ ግን የጨበጠች አልመሰለኝም፣ የተያዘች ነው የመሰለኝ። ስለዚህ የበለጠ ሳብኩ። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ እንጨት ሲነድ የሚጮኸው መሰለኝ። ተሸክሜ በሩን ወጣሁና ደረጃው መሃል ድረስ ወረድኩ። እዚያ ንፋስ ፊቴን መታኝ። ያን ጊዜ ድምጿን ሰማሁ፤ ከመጀመሪያውም እያለች ነበር መሰለኝ።

"ልጄ፣ ምንም የለም። የሚነድ ነገር የለም። ልጄ፣ የሚነድ ነገር የለም።"

አልጮኸችም። እንዳታስደነግጠኝ ብላ፣ በዚያ ሕመም ላይ ሆና፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ጎረቤቶች ሲወጡ ቀድማ "ወደቅኩ" አለች። እኔ አፌን እንኳ አልከፈትኩም።

ክኒኑን ካቆምኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ሳመካኝበት የከረምኩት ነገር ሰውነቴ ውስጥ አልነበረም። የነበርኩት እኔ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁትን ነገር ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለማመደው ከርሜ ነው የደረሰው። አንድ ቃል፣ "ክብሪት አትጫሪ፣ እንዲህ ሆኛለሁ" ብዬ ብነግራት ኖሮ ክንዷ አሁን ጤነኛ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኳት። በሐፍረቴ ነው የሰበርኳት።

ነገ ልቅር? ጠዋት "አልሄድም" ብላት "እንግዲህ ይሄ ሁሉ ለምን ነበር?" አለችኝ።

እሑድ፤ ማጣሪያው

መቶ አምስት። ሦስቱም ዳኞች ነጭ መብራት አበሩ። ተመርጫለሁ።

ፕሮፌሰር ከመጋረጃው ጀርባ ክብሪቱን ጫረ፤ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጀምር ቤቱ ነደደ። በዚህኛው ግን እማዬ ላይ የወደቀ እንጨት አልነበረም። ተንበርክካ እየተንፏቀቀች ከኔ ትሸሻለች። ብረቱን ያነሳሁት እሷን ለማዳን አልነበረም፤ እጄ ሌላ ነገር ይዞ እንዲቆይ ነው።

ሰው አጨበጨበ። ለምርመራ ሽንት ሰጠሁ። ንጹሕ ነኝ።

ማክሰኞ፤ ከማጣሪያው በኋላ 2ኛ ቀን

ፕሮፌሰር አዲስ እሽግ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። "ከአራት ወር በኋላ ትልቁ ውድድር አለ፤ ከዛሬ እንጀምር" አለ። እሽጉን ወደሱ ገፋሁት።

"እናቴን የሰበርኳት እኔ ነኝ" አልኩት። ነገርኩት፤ ሁሉንም። ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ።

"ማጥፊያውን ይንገሩኝ" አልኩ። "ሌላ ምንም አልፈልግም። ያነበቡትን ሁሉ ይፈልጉና ማጥፊያውን ይንገሩኝ።"

ባልዲዎቹን አየ። መወልወያዎቹን አየ። "ያነበብኩት ስለ ማብራት ብቻ ነው" አለ በመጨረሻ።

ስወጣ ዘበኛው በሩን ከፈተልኝና ሳልጠይቀው "ያችኛዋ ልጅ ወንድሟ ቤት ናት" አለኝ። "ትከሻዋ ደህና ነው።"

ቅዳሜ፤ 6ኛ ቀን

ለእማዬ ነገርኳት። እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ከመርፌው ጀምሬ፣ ክብሪቶቿን እስከ ጣልኩበት ድረስ። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ "የያዝሽኝ ለት እኮ እዚያው ነበርኩ" አለች። "ምን የማላውቀው አለ መሰለሽ? የማላውቀው ለምን እንደሆነ ብቻ ነበር። ስንት ቀን 'ምን አድርጌያት ይሆን?' ስል ከርሜያለሁ።"

ይሄን ስትል አለቀስኩ። እኔ እሷን ሰብሬ፣ እሷ ጥፋቱን ራሷ ላይ ስትፈልግ ከርማለች።

"ልጄ ነሽ" አለች ደህናውን እጇን ራሴ ላይ አድርጋ። "ብትሰብሪኝም ልጄ ነሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ያን ለት ዓይንሽ ውስጥ ስፈልግሽ አጣሁሽ። እሱ ነው ያስፈራኝ፤ ክንዱስ ይጠገናል።"

ማክሰኞ፤ 9ኛ ቀን

ጎረቤት ቆሻሻ አቃጠለ። ክብሪት እንኳ አላየሁም፤ ጭሱ ብቻ በመስኮት ገባ።

ራሴን ያገኘሁት የእማዬ መኝታ ክፍል በር ላይ ነው። ሁለት እጄ መቃኑን ይዟል። እማዬ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፋ፣ ጀሶውን በደህና እጇ አቅፋ፣ "የሚነድ ነገር የለም ልጄ" ትላለች። ቀስ ብላ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

አልነካኋትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነካኋትም።

መድኃኒቱን ካቆምኩ ሃያ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ነገ የአእምሮ ሕመም የሚያክም ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። እስከዚያ ወጥ ቤት መሬት ላይ እተኛለሁ፤ ከሷ ክፍል የሚርቀው እሱ ነው።

ቅዳሜ፤ 13ኛ ቀን

ሐኪሟ ሰማችኝ። ይድናል አለች፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ በየሳምንቱ መመላለስ አለብኝ። "ወራት" የሚለውን ለእማዬ ነገርኳት።

ዛሬ ጠዋት አናጢ መጣ። የጠራችው እሷ ናት። መሣሪያውን መሬት ላይ ዘረጋግቶ የመኝታ ክፍሏን በር መረመረና "መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን እማማ?" አለ።

"በውስጥ በኩል።"

"ለሌባ ከሆነ እኮ ማጠንከር የውጩን በር ነው።"

"ለሌባ አይደለም" አለች።

በሩ ዘመም ብሎ ስለነበር ብሎኑ እስኪገባ አንድ ሰው ከፍ አድርጎ መያዝ ነበረበት። ያዝኩለት። አናጢው ክንዴን አየና "አቤት ጉልበት!" አለ። "እንዲህ ያለች ልጅ እያለችዎት ምን ያስፈራዎታል?" እማዬ የሚቀጥለውን ብሎን አቀበለችው። እኔ ደግሞ በሩን ይዤ ስለነበር ፊቴን መሸፈኛ እጅ አልነበረኝም።

ሲሄድ እማዬ ክፍሏ ገባች። መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ።

"እስቲ ግፊው" አለች ከውስጥ።

በመዳፌ ነካ አደረግኩት።

"እንደሱ አይደለም" አለች። "እንደዚያ ለት።"

አልችልም ልላት ነበር። ከዚያ ካልሞከርኩት እሷ እንደማትተኛ ገባኝ፤ እኔም አልተኛም። ትከሻዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ፣ እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩ፣ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። መቃኑ ጮኸ፤ ከግድግዳው ኖራ ረገፈ። መቶ አምስት ኪሎ ያነሳሁበትን ጉልበት፣ ከዚያም በላይ ገፋሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር እንዲያሸንፈኝ እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

አልተከፈተም።

"ያዘ?" አልኩ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ።

"ያዘ" አለች እማዬ። እፎይ ስትል በበሩ በኩል ሰማኋት። "ያዘ ልጄ። አሁን ሂጂ፣ አልጋሽ ላይ ተኚ።"